ድንኳንና ቄሮ በመንዝ ጓሳ

«ሰፈር» የሚለው ቃል ዛሬ በከተሜ ጆሮ ጎረቤትን፣ ቅያስንና የልጅነት መጫወቻ ሜዳን ያስታውሳል። «ከተማ» ሲባልም አስፋልትና ሕንፃ በዐይነ ኅሊና ይደቀናል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ቃላት ከድንኳን የተወለዱ ናቸው። ሰፈር ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ነበር፤ ከተማም ንጉሥ ወይም የጦር አበጋዝ የከተመበት ጉብታ ነበር። ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ብዙዎቹ በመኳንንት ስም የሚጠሩት መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ድንኳን የተከሉባቸው ቦታዎች በመሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት መንግሥት ራሱ በድንኳን ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቶ የጻፈለት የዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ከቦታ ቦታ የሚጓዝ የሸራ ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ለዓመታት በአንድ ቦታ መቀመጣቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ልዩ ነገር የሚያወሱት ልማዱ ሌላ ስለነበረ ነው።

በዚህ የድንኳን ኑሮ ከሰፋሪው ይልቅ የሚያሳስበን የተሰፈረበት ገበሬ ነው። ሰፈሩ ሲያርፍ ድርጎ ይጠየቃል፤ ማገዶ ይቆረጣል፤ ከብት ይታረዳል፤ የፈረሱና የበቅሎው መንጋ በሰው ግጦሽ ላይ ይለቀቃል። እንጨቱ ሲመነጠርና እህሉ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። ለምድሪቱ ማገገሚያ የሚሆነውን ጊዜ የሚወስነው የሰፋሪው መሄድ እንጂ የባለአገሩ ፈቃድ አልነበረም። በጥቅሉ ሲታይ በአገራችን ታሪክ በኅብረት ወጥቶ በሜዳ ማደር የኃይለኛ መብት ሆኖ ኖሯል።

ታዲያ በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች በቡድን እየተሰባሰቡ፣ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ተሸክመው፣ ለዕረፍትና ለእግር ጉዞ ወደ ተራራ የሚወጡ ወጣቶችና ጎልማሶች የየትኛው ታሪክ ወራሾች ናቸው? ጥያቄው ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ አይደለም። እነዚህ ቡድኖች ከሚያዘወትሯቸው ቦታዎች አንዱ የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ ደግሞ በዚህ ረገድ ከሌላው ተራራ ይለያል፤ በዚያ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ እንደሚወጣ የሚወስን የገበሬ ሕግ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ሲሠራበት ኖሯል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ገፍተው ጣርማ በር ሲደርሱ ዋናው መንገድ በፋሺስት ወረራ ዘመን ጣልያኖች ባስፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ግን ወደ ዋሻው አይገባም፤ ወደ ግራ ታጥፎ ደጋ ለደጋ መሐል ሜዳን እያሰበ ይጓዛል። በስተቀኙ ምድሪቱ በድንገት ትቆረጣለች፤ ከገደሉ በታች ይፋትና ከይፋት ባሻገር የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። በስተግራው የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ እንደገና ገብስ ይከተላል። ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የሣር አገር ተዘርግቷል። ጓሳ የሚባለው ይኸው ነው። ስሙንም ያገኘው ምድሪቱን ከሸፈነው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው፤ ሣሩም ጓሳ፣ ቦታውም ጓሳ ይባላል።

ይህ ሣር ለመንዝ ሰው ምን እንደሆነ ያልተረዳ የጓሳን ታሪክ ሊረዳ አይችልም። የቤት ክዳን ነው፤ ከገብስ አገዳ ይልቅ ዝናቡን ይከላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ተፈትሎ ገመድ ይሆናል። ገሳ ሆኖ እረኛውን ከዝናብ ያስጥላል፤ ተነጥፎ ፍራሽ፣ ታስሮ መጥረጊያ ይሆናል። በሌላ አገር ዛፍ የሚሰጠውን ግማሽ ያህል በመንዝ የሚሰጠው ይህ ሣር ነው፤ ዛፉ ከአስታና ከጅብራ በቀር ያን ያህል የለምና። ከሣሩ ጎን ለጎን አስታው ለማገዶ፣ ሜዳው ለግጦሽ ያገለግላል። ከሥሩ የሚመነጩት ወንዞች ከፊሎቹ ወደ ጀማ ወርደው ከዓባይ ይገናኛሉ፤ ከፊሎቹም ወደ አዋሽ ይጎርፋሉ። የመንዝ በግ ጠጉር ባናና ዝተት ሆኖ በየገበያው የሚወጣው በዚህ ብርድ ነው። ብርዱን ያልቀመሰ ሰው የባናን ጥቅም በወሬ ብቻ ያውቀዋል።

የአገሬው ትውፊት እንደሚለው በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ይህን ምድር ያዙ፤ ወሰናቸውንም በፈረስ ግልቢያ ለዩ። በፈረስ ስለተከፈለ መሬት የሚነገረው ትረካ በመንዝ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመንዝን ታሪክና ባህል ያጠናው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪንም ስለ ማማ፣ ስለ ላሎና ስለ ጌራ ተመሳሳይ ትረካ መዝግቧል። ፈረሱ በእውነት ጋልቦ ይሁን አይሁን ለታሪክ ተመራማሪ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ዋናው ነገር ትረካው የሚያቋቁመው መብት ነው። ዘሩን በአባቱ ወይም በእናቱ ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የሚያደርስ ሰው የአጽመ ርስት ባለቤት ይሆናል፤ የአጽመ ርስት ባለቤት የሆነም በጓሳው ላይ ድርሻ አለው። በዚህ ዐይነት ጓሳው የአስቦና የጌራ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል።

ይህን የጋራ ሀብት ያስተዳደረው ሥርዐት ቄሮ ይባላል። (ቃሉ በኦሮምኛ ወጣት ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ቢገጥምም ጉዳዩ ሌላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) የቄሮ አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ባለመብቶቹ ተሰብስበው በአንድ ድምፅ አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። ለአስቦ አንድ፣ ለጌራ አንድ ነው። በእርሱ ሥር ሕዝቡ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ተመድቦ የየድርሻውን ወሰን ያውቃል፤ የየድርሻውንም ጥበቃ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጓሳው ይዘጋል። የሚዘጋውም ለአንድ ክረምት ብቻ አይደለም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ሣር ማጨድ፣ ማገዶ መልቀም፣ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው።

ሦስት ዓመት ማለት ቀላል አይደለም። ሣሩ በዐይን ይታያል፤ ከደጃፍ ቆሞ የሚያየው ገበሬ ግን ጣራው ያፈስሳል። በሬው በበጋ ይከሳል፤ ከገደሉ አፋፍ ያለው ለምለም እንዲሁ በንፋስ ይወዛወዛል። ይህን ፈተና ሰው ለብቻው አይችለውም። ሥርዐቱ ያስቻለው ጎረቤትም አብሮ ስለታገሠ፣ አለቃውም ከራሱ ወገን ስለተመረጠ፣ ቃሉም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለተነገረ ነው። ቅጣቱም ብርቱ ነበር። ከተዘጋው ጓሳ ሰርቆ ባጨደው ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ክዳኑ በእሳት እስኪጋይ ድረስ ይቀጣ እንደነበር ይነገራል። የመክፈቻው ቀን ሲቆረጥ ደግሞ አዋጁ በአጥቢያው ይሰማል፤ ማጭድ ይሳላል፤ ባለድርሻው ሁሉ በአንድ ቀን ይገባል። አስቀድሞ የሚታጨደው ሣሩ ነው፤ ከብት የሚሰማራው ከአጨዳው በኋላ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ጓሳው እንደገና ይዘጋል። ድርቅ በመጣ ጊዜ ይህ የታቀበ ሣር የመንጋው ሕይወት ማትረፊያ ይሆናል። ባንክ ባልነበረበት አገር የተቀመጠ ተቀማጭ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚህ ዘመን ወደ መንዝ የሚመጣ መንገደኛ በተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ የማደር ፈቃድ ሊጠይቅ አይታሰበውም፤ ልማዱ የሚጠይቀው «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጃፍ መቆምን ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ለመድረስ ሲጓዝ ያለፈው በዚሁ በመንዝ ደጋ በኩል ነበር። ክራፕፍ ንብረቱን የተዘረፈው ከመንዝ አልፎ ወሎ ውስጥ፣ በአዳራ ቢሌ እጅ ነው። መንዝን በሰላም ማለፉ የሣህለ ሥላሴ ስም ያስገኘለት ዋስትና ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ በደጋው ላይ ብቻውን ለሚያድር ሰው ብርዱ ራሱ ዘራፊ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ተራራው እንግዳ ብቻ ሳይሆን ስደተኛም አስጠግቷል። በፋሺስት ወረራ ዘመን የሸዋ አርበኞች በራስ አበበ አረጋይ መሪነት መንዝን፣ መርሐ ቤቴንና አካባቢውን መሸሸጊያና መዋጊያ አድርገው ነበር። አርበኛ ብቻውን አይኖርም፤ ቁስለኛው፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ ስንቅ ተሸካሚውና ሽማግሌው ይከተሉታል። ይህን የመሰለ ሕዝብ ከተሾመ ሽንቁጥ ጋር ዘረት በተባለ ስፍራ፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ትልቅ ዋሻ ውስጥ በተጠለለ ጊዜ፣ የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ከብቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት። ከዋሻው የወጡትን ወንዶች ረሸነ። የሞቱት በብዙ መቶዎች ይቆጠራሉ። ነገሩ በአገሬው ዘንድ ሳይረሳ ቢቆይም ለውጭው ዓለም የተገለጠው ኢጣልያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሠራዊቱ መዝገብ ተነሥቶ ዋሻውን ፈልጎ ካገኘ በኋላ ነው። ዛሬ በመንዝ ገደላገደል ለእግር ጉዞ የሚወጣ ቡድን ዋሻ ባየ ቁጥር ለፎቶግራፍ ከመሮጡ በፊት መንገድ መሪውን የዋሻውን ታሪክ ቢጠይቅ መልካም ነው። አንዳንዱ ዋሻ መቃብር ነው።

ወደ ቄሮ እንመለስ። ሥርዐቱ የፈረሰበት ቀን በትክክል ሊነገር ይችላል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የአጽመ ርስትን መብት ሲሽር በአጽመ ርስት ላይ የቆመውን ቄሮም ከመሠረቱ ነቀለው። እዚህ ላይ ጸሐፊ ሊያመነታ አይገባውም። ቄሮ ሣሩን ጠበቀ፤ ሰውን ሁሉ ግን እኩል አላየም። ዘሩን ከአስቦ ወይም ከጌራ ማድረስ ያልቻለ መጤ፣ ጭሰኛ፣ ብዙውን ጊዜም በእደ ጥበቡ የተናቀ ሸማኔና ቀጥቃጭ ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። ለእርሱ ጓሳው ሦስት ዓመት ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ዝግ ነበር። አዋጁ ለዚህ ሰው በሩን ከፈተለት፤ ይህ ቀላል ፍትሕ አይደለም። ቄሮን ዛሬ እንደ ገነት የሚስሉ ጽሑፎች ይህን ሰው ይረሱታል።

ነገር ግን በሩ ሲከፈት በረኛውም አብሮ ተሰናበተ። የሁሉም የሆነው ጓሳ ለጥቂት ጊዜ የማንም ሆነ። አለቃው ሥልጣን የለውም፤ አጥቢያው ወሰን አያስከብርም፤ የመዝጊያው አዋጅ አይነገርም። ከብቱ በጋ ከክረምት ገባ፤ ሣሩ ሳይጠና ታጨደ፤ አስታው ተቆረጠ። የእንግሊዝኛ አንባብያን «የጋራ ሀብት መቅሠፍት» በሚል ርእስ የሚያውቁት፣ አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ድርሰት የጋራ ግጦሽ ሁልጊዜ በስግብግብነት እንደሚጠፋ ይከራከራል። ሃርዲን መንዝን ቢያውቅ ኖሮ ሐሳቡን ያርም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የጓሳ ሜዳ የተጎዳው የጋራ በነበረበት ዘመን ሳይሆን የጋራ ሕጉ በተነሣበት ጊዜ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የተሰጣት ኤሊኖር ኦስትሮም በስዊዘርላንድ ተራሮች ስላለችው ስለ ቶርበል መንደር ስትጽፍ፣ ማንም ገበሬ በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው እንዳያወጣ ከ1517 ጀምሮ በሰነድ የተረጋገጠ ሕግ እንዳለ ታስረዳለች። የቶርበል ሕግ በብራና ተጽፎ ቀረ፤ የመንዙ ግን በሰው አፍና በካህን ድምፅ ነበር የሚኖረው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ይመስለኛል።

የጓሳ ነገር በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የታሪክ ማስታወሻ እንጂ ሌላ አይሆንም ነበር። የመንዝ ገበሬ ግን ያላሰቡትን አደረገ። በአዲሶቹ የገበሬ ማኅበራት ውስጥ አሮጌውን ሥራ እንደገና ጀመረ። ጓሳውን የሚጠቀሙት ማኅበራት ተወካዮቻቸውን መርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ጥበቃውን ተካፈሉ፤ መዝጋትና መክፈትን መልሰው አመጡ። ዘር መቁጠር ቀረ፤ ሣር መቁጠር ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ያቀረበው ኢትዮጵያዊው የዱር እንስሳት ተመራማሪ ዘላለም ተፈራ አሸናፊ፣ ኋላም ከናይጄል ሊደር ዊልያምስ ጋር በጻፈው ጽሑፍ፣ ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ስፍራው በአማራ ክልል ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ታወቀ። ከአዋጅ የበለጠ የሚደንቀው ግን አንድ ሥርዐት ሥሩ ተነቅሎ፣ ፍርደ ገምድል የነበረው ክፍሉ ተቆርጦለት፣ ጥሩው ክፍሉ በሌላ ግንድ ላይ ተዳቅሎ መብቀሉ ነው። የባህል ሠራተኞች «ጎጂውን ትቶ ጠቃሚውን መውሰድ» የሚሉት ፈሊጥ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ብቻ የሚቀር ነው፤ በጓሳ በማጭድ ተፈጽሟል።

ድንኳን ተሸካሚው ቡድን የሚደርሰው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የሚያየውን ሁሉ ያገኘው በተፈጥሮ ቸርነት ብቻ የሚመስለው ከሆነ ተሳስቷል። በማለዳ ከገደሉ ስንጥቅ ወጥተው በመቶዎች ሆነው ሣር እየነጩ የሚሰማሩት ጭላዳዎች ያሉት ሣሩ ስላለ ነው። በመላ ኢትዮጵያ ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ በጓሳ የሚገኘው ዐይጡ ስላለ ነው፤ ዐይጡም የሚራባው በሣሩ ውስጥ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጭላዳዎችን በዚያ ሲያጠኑ የቆዩ ተመራማሪዎች አንድ ግሩም ነገር ተመልክተዋል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ፣ ግልገል ሳይነካ ይንጎራደዳል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናታቸው እንደተገለጸው ቀበሮው በመንጋው ውስጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራው በ67ቱ ዐይጥ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከመቶ በ25ቱ ብቻ ይቀናዋል። እነዚህ ሁለት እንስሳት የተማመኑት ማንም ስላላስደነገጣቸው ነው። በቡድን ሆኖ እየጮኸ የሚሮጥ፣ ሙዚቃ የሚከፍት፣ ከሁሉ ይልቅ ውሻ አስከትሎ የሚመጣ ጎብኚ ይህን መተማመን በአንድ ጠዋት ሊያፈርሰው ይችላል። የውሻ ነገር ከጩኸትም ያለፈ ነው። ቀይ ቀበሮን በየቦታው የሚፈጀው በሽታ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ስለ ተራራና ስለ እግረኛ መብት ስናነሣ የእንግሊዝ ሠራተኞች ታሪክ ይታወሳል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ከማንችስተርና ከአካባቢዋ የመጡ አራት መቶ ያህል ወጣቶች ኪንደር ስካውት ወደሚባል ተራራ በኅብረት ወጡ። ተራራውን ባለመሬቶች ለወፍ አደናቸው ሲሉ ለሕዝብ ዘግተውት ነበር። ከተጓዦቹ አምስቱ ታሠሩ። ከዐሥራ ሰባት ዓመታት ጦርነትና ሙግት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ የብሔራዊ ፓርክና ወደ ገጠር የመግባት ሕግ ወጣ፤ በዚያው አካባቢም በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ያ ትግል ትክክለኛ ትግል ነበር። የእኛ አገር ከተሜ ግን ያንኑ ስሜት ሳይመረምር ተውሶ «ተራራ የሁሉም ነው፤ ማን ይከለክለኛል?» ብሎ ጓሳ ላይ ቢቆም ነገሩን ይገለብጠዋል። በኪንደር ስካውት የዘጋው ባለጸጋ ነበር፤ የገባው ሠራተኛ። በጓሳ የዘጋው ባለማጭዱ ገበሬ ነው፤ የሚገባው ደግሞ መኪና ተከራይቶ የመጣው።

ሌላም ማነጻጸሪያ በአገራችን አለ። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 ከዓለም ቅርሶች ተመዘገበ። ጥበቃው ግን ከመንግሥት ወደ ገበሬው የወረደ ስለነበር ሙግቱ አልቆመም፤ በመጨረሻ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ቅርሱም በ2017 ከአደጋ መዝገብ ወጣ። የስሜንን ገደል ያየ ሰው ሁሉ ያደንቃል፤ እኔም አደንቃለሁ። ቢሆንም በጓሳ ሣሩን ለማዳን ባለአገሩ አለመነሣቱን፣ ይልቁንም ሣሩ የዳነው ባለአገሩ ስላለ መሆኑን ሳስብ የመንዝ መንገድ ይበልጥብኛል።

በጓሳ የማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያ ቤትና የድንኳን ሜዳዎች ተዘጋጅተዋል። ጓዝ የሚጭነው በቅሎ፣ መንገድ መሪውና ጠባቂው ከዚያው አገር ናቸው። እንግዳው የሚከፍለውም ለዚያው ማኅበረሰብ ይውላል። ማገዶ ከሜዳው አይለቀምም፤ አስታ ለካምፕ እሳት አይቆረጥም። ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው ተጓዥ አይጠፋም፤ ከዋክብት በሞሉበት ሌሊት ዙሪያውን ተቀምጦ የሚዘመርበት እሳት ከሌለ ጉዞው ጎደሎ ይመስለዋል። እሱ ለአንድ ሌሊት የተከለከለውን እሳት የመንዝ እናት በገዛ ምድሯ ለሦስት ዓመት ስትከለከል ኖራለች።

ጉዞው ራሱ ባለፉት ዓመታት ብዙ ተስተጓጉሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ መንዝ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የቡድን ሽርሽር አስተማማኝ መሆኑ ቀርቷል። እንግዳ ሲቀር የመንገድ መሪው ገቢ ይቀራል፤ የጠባቂው ምንዳም ይሳሳል። ሣሩን የሚጠብቀው ሕግ ግን በእንግዳ ገንዘብ የተጀመረ አይደለምና በእንግዳ መቅረት ያበቃል ማለት አይቻልም። ይህ ደግሞ የጓሳን ሥርዐት በጎብኚ ገቢ ብቻ ከሚተማመኑ ብዙ የጥበቃ ሥራዎች የሚለየው ነጥብ ነው፤ አጥኚዎቻችን በሚገባ ሊመረምሩት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሰላም ሲሰፍንና ቡድኖቹ ሲመለሱ ግን አንድ ያልተቆረጠ ጉዳይ ይጠብቃቸዋል። ድንኳን በተደጋጋሚ የሚተከልበት ሜዳ ሣሩ ይተኛል፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ በደጋው ብርድ የተጎዳ ሣር ቶሎ አያገግምም። ቄሮ ለማጭድና ለከብት የመዝጊያ ዘመን አበጅቶ ነበር፤ ለድንኳን ግን አላበጀም፤ በአስቦና በጌራ ዘመን ድንኳን የሚተክል እንግዳ አልነበረምና። እንደኔ እንደኔ የሰፈሩበትም ሜዳ በየተራ ሦስት ሦስት ዓመት ሊዘጋ ይገባዋል። የሚዘጋበትን ዓመትና የሚከፈትበትን ቀን የሚቆርጠው የአዲስ አበባ አስጎብኚ መሆን የለበትም፤ የጓሳ ኮሚቴ ቆርጦ፣ እንደ ጥንቱ በአጥቢያው ደጅ፣ ገበሬውና እንግዳው ባሉበት ያሰማው።